ማማውን ቁረጡልኝ

ኮርሊስ ቴትና ኢርማ ሎውሪ በሲኒማው ሸራ ላይ ተቃቅፈው ሲሽከረከሩ ያየ ሁሉ ባልና ሚስት ይመስሉት ነበር። አንዲት የካንሳስ ሴትዮ እንዲያውም «ለሕፃኑ» ብላ የሱፍ ካልሲ ሠርታ ልካላቸዋለች። ሕፃን የለም። ከሥራ ውጭ ምሳ እንኳ አብረው በልተው አያውቁም። ኮርሊስ የተቀቀለ እንቁላሉን ይዞ ፒያኖው አጠገብ ብቻውን ይቀመጣል፤ ሲልጠው ቅርፊቱ ከተሰባበረበት ይናደዳል። ኢርማ ደግሞ ከመብራት ሠራተኞቹ ጋር ሳንድዊች እየገመጠች ካርታ ትጫወታለች፤ ስትሸነፍ ትሳደባለች። ሙዚቃው ሲጀምር ግን እጁ ወገቧን፣ ወገቧም እጁን ያውቃል። ሆሊውድ ውስጥ ከዚህ የጠበቀ ትዳር ያላቸው ጥቂት ናቸው።

ኮርሊስ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። ዳንስ ሲቀረጽ ካሜራው ከራስ ፀጉር እስከ ጫማ ጫፍ ያሳያል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻውም አይቋረጥም። «ፊቱን አሳይቶ እግሩን የሚደብቅ ዳንሰኛ ሚዛኑን በጋዜጣ የሸፈነ ሥጋ ሻጭ ነው» ይላል። በዚህ ሕግ የተነሳ በእነሱ ፊልም ውስጥ ማታለል የለም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲደንሱ ከታዩ፣ በእውነት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደንሰዋል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ስቱዲዮው የሠራላቸው ከፍ ያለ ቦታ እንደ ሠርግ ኬክ የተደራረበ ነጭ ማማ ነበር። ቁመቱ ከሁለት ፎቅ ቤት አያንስም። ዙሪያውን የሚጠመዘዝ መውጫ አለው፤ ጥንዶቹ እየደነሱ ይወጡና ጫፉ ላይ ይደርሳሉ። ጫፉ የምግብ ጠረጴዛ ያክላል፤ መከለያ የለውም። ሥሩ ያለው ወለል እንደ መስታወት የሚያበራ ጥቁር ነው። ፍራሽ ቢነጠፍበት በወለሉ ውስጥ ሁለት ፍራሽ ሆኖ ይታያል። ገመድ ይታሰርባት እንዳይባል የኢርማ ቀሚስ ጀርባ የለውም። ስለዚህ ፍራሽም ገመድም የለም። ያለው የኮርሊስ እጅ ነው።

የዳንሱ መደምደሚያ ይህ ነበር፦ ኢርማ ተሽከርክራ ጫፉ ላይ ትደርሳለች፤ ጀርባዋን ለባዶው ሰጥታ ወደ ኋላ ትጋደማለች፤ አበቃላት ሲባል የኮርሊስ ቀኝ እጅ ወገቧን ቀልቦ ይመልሳታል። ዳይሬክተሩ ሚስተር ግሩበር «እዚች ላይ ተመልካቹ ትንፋሹን ይውጣል» ብሎ ነበር። ራሱ ሲናገረው እንኳ ዋጥ አደረገ።

በልምምዱ ክፍል የማማው ጫፍ በጠመኔ የተሠመረ ክብ ነበር። መጀመሪያ ሲሞክሩት ኢርማ ዞረች፣ ተጋደመች፤ እጁ የለም። ተረከዟ በራሱ ፈቃድ ወደ ኋላ ረግጦ አተረፋት። እጁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባቡሩ ካለፈ ጣቢያ እንደሚደርስ መንገደኛ።

ኮርሊስ ወለሉን አየ። ተረከዟ ከጠመኔው ውጭ ቆሟል።

«ወደቅሽ» አላት።

ኮርሊስ የሚቀልደው በዓመት አንዴ ስለሆነ ፒያኖ መቺው ከልቡ ሳቀ። ኢርማም ሳቀች።

«ቸኩለሻል።»

«እሺ፣ ዘግየት እላለሁ።»

ዘግየት አለች። እጁም ዘገየ። ደግመው ሞከሩት፤ ተረከዟ ደግሞ ከጠመኔው ወጣ። አሁን ፒያኖ መቺውም አልሳቀም፤ ዓይኑን ወደ ቁልፎቹ መለሰ።

«ምን ነክቶሻል ኢርማ?» አላት ኮርሊስ። «ከዊኒ ጋር ይሄ ነገር አንድ ቀን እንኳ ሆኖ አያውቅም እኮ።»

ዊኒ ስትራካ የኢርማ ምትክ ናት። ኢርማ ሌላ ፊልም ላይ ስትሠራ ኮርሊስ አዲሱን ዳንስ የሚፈጥረው ከዊኒ ጋር ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊ አሻንጉሊት በእሷ ቁመና ላይ ይለካዋል። ሲያልቅ ዊኒ ለኢርማ ታስተምራለች፤ ፊልሙ ሲወጣ ስሟ የለም። ከኦማሃ የመጣች፣ ቀጭን፣ ዓመት ከዓመት የወንድ ሱሪ የምትለብስ ልጅ ናት። እግሯ እንደማይሳሳት ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

ኢርማ ራሷም አልጠየቀችም። ቤቷ ሄዳ ደረጃ ስትወጣ ግን ግድግዳውን ይዛ ወጣች። መታጠቢያ ቤት ጥርሷን ስትፍቅ ወደ ኋላ ዘንበል አለችና ልቧ ድው አለ፤ ወለሉ እዚያው ቢሆንም። ጠመኔ ላይ ሲሆን ሳቅ ነው። ማማው ላይ ግን ጠመኔ የለም። ተረከዟ የሚረግጠው ነገር የለም። ይህን ስታስብ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ምሳ ስትበላ አብሯት ይበላ ነበር።

በማግስቱ «ዊኒ፣ እስቲ አንቺ ከእሱ ጋር አሳዪኝ፤ የኔ ነገር አልገባኝም» አለች።

ሰው ሁሉ የሚቀመጠው ካሜራው በሚቆምበት በኩል ነው። ኢርማ ወንበሯን አንስታ በተቃራኒው፣ ባዶው በሚሆንበት በኩል ተቀመጠች። ኮርሊስና ዊኒ ደነሱ። ማር ነበር። ዊኒ ዞረች፣ ተጋደመች፣ እጁ ወገቧ ላይ አረፈ፤ ፒያኖ መቺው «እሰይ!» አለ። ኢርማ ግን ከኋላ ሆና ያየችው ሌላ ነው። ዊኒ የተጋደመች አስመስላ አገጯን ብቻ ነው ወደ ላይ ያነሳችው። ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ክብደቷን ሁሉ ይዞታል። እጁ ዊኒን አልቀለባትም፤ ዊኒ ናት ሄዳ እጁ ላይ የተቀመጠችው።

«አየሽ?» አላት ኮርሊስ ግንባሩን እየጠረገ። «ቀላል ነው። እጄን ማመን ብቻ ነው።»

«አየሁ» አለች ኢርማ።

ዊኒን ያገኘቻት አልባሳት ክፍል ነው፤ እግሯን ጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ቁጭ ብላለች። ኢርማ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዊኒ፣ አታድርቂኝ። የእጁ መዘግየት።»

ዊኒ ውሃውን በእግር ጣቷ አማሰለችው። «ከጸደይ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ እኔ የቸኮልኩ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር።»

«ከጎበዝ ሰው ጋር የሚሠራ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«እስቲ አንቺ ንገሪው! የእንቁላል ቅርፊት ሲሰባበርበት የሚያኮርፍ ሰው! የነገርሽው ቀን ጫማውን ያወልቃል፤ መልሶ አያጠልቀውም። እኔ ኦማሃ ተመልሼ ዶሮ ልበልት? አንቺስ? ሎውሪ ያለ ቴት ምንድን ናት? የግራ ጫማ ለብቻው ማን ይገዛል?»

ኢርማ ልትቆጣ አስባ ነበር። ቁጣው ግን ፍርሃቱን አልፎ መውጣት አልቻለም።

«አርባ እንኳ አልሞላው» አለች።

«ለዳኛ አርባ እንቦቃቅላ ነው። ለሚሽከረከር ሰው ግን ሽማግሌ ነው።»

«እሺ። እንግዲያው ያንቺን ዘዴ አስተምሪኝ።»

አስተማረቻት። ኢርማ ሱሪ ለብሳ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ አገጯን አንስታ እጁ ላይ መቀመጥ ቻለች። ኮርሊስ ደስ አለው፤ «በመጨረሻ ገባሽ!» ብሎ እንቁላል ሊያካፍላት ሁሉ ቃጣው። ያ ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ቀን ከሆዷ ተነስቶ ሄደ።

የተመለሰው ቀሚሱ የደረሰ ዕለት ነው። ከወገብ በታች ሙሉ በሙሉ በብርጭቆ ዶቃ የተሰፋ ቀሚስ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ተጋግዘው ነው ያለበሷት። በልምምዱ ክፍል ከዊኒ ጋር ሞከረችው። ዞረች፤ ቆመች። ቀሚሱ ግን አልቆመም። ዶቃው በመጣበት ጉልበት መዞሩን ቀጠለ፤ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ውጭ፣ ጠመኔውን አሻግሮ ጎተታት። የታጠፈ ጉልበት አላዳናትም፤ ዊኒ ክንዷን ባትጨብጣት በቂጧ ትቀመጥ ነበር።

ሁለቱ ተያዩ። ዊኒ ዳንሱን የሠራችው፣ ዘዴውንም የፈጠረችው በሱሪ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ቀሚሱን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሁልጊዜ ቀሚሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልማዱ ነው።

«ወይኔ ኢርማ!» አለች ዊኒ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ቀሚሱ ጨርሶ ትዝ አላለኝም።»

ኢርማ ቀሚሱ ይቀየር ብላ ጠየቀች። ግሩበር ለማስታወቂያ የተሳለውን ሥዕል አሳያት፤ ቀሚሱ በየከተማው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። «ከአንቺ ቀድሞ ታዋቂ ሆኗል» አላት።

የመብራት ሙከራ ቀን ከኮርሊስ ጋር ማማው ላይ ወጣች። ከታች ነጭና ለስላሳ የመሰለው ጫፍ ከላይ ሲያዩት ጣውላ ነው። ጥቁሩ ወለል ከሥር ተዘርግቷል፤ መብራቱ ውስጡ ስላንጸባረቀ ወለል ሳይሆን ሌላ ሰማይ ይመስላል፤ ማማውም ራሱን ገልብጦ እዚያ ውስጥ ቆሟል። ከመሬት ሁለት እጥፍ የራቀች መሰላት። መዳፏ አላበው። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባል የለ፤ እሷን እዚያ ብርድ ላይ፣ ጀርባዋ ራቁቱን ሆኖ አላባት።

ኮርሊስ በጎኗ ቆሞ ዜማ ያንጎራጉራል። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹ ላይ መብራቱ እንዴት እንደሚያርፍ ያያል።

«ቀዘቀዘሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁ።»

ከሰማቻቸው አስፈሪ ነገሮች ሁሉ ይሄኛው ባሰባት።

«ኮርሊስ…»

«እ?»

ፊቱን አየች። ሌሊቱን ሙሉ የተኛ፣ ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥቶ ክብደቱን የወደደ ሰው ፊት ነው። እነግረዋለሁ ያለችው ቃል ጥርሷ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ብትነግረው እሱ ይወድቃል፤ ባትነግረው እሷ ትወድቃለች። የሁለቱም አወዳደቅ ፍራሽ የለውም።

«ምንም» አለች። «መብራቱ ጠንከር ብሏል ልል ነው።»

በማግስቱ የቀረጻ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበዋል። ወለሉን የሸፈነው ወረቀት ተነስቷል፤ ሠራተኞች በካልሲ እየተራመዱ የመጨረሻውን አቧራ ይጠርጋሉ። ኢርማ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቀለሟን ተቀብታ ማማው ሥር ደረሰችና ቆመች።

«እኔ እዚያ አልወጣም» አለች።

ግሩበር ሰዓቱን አየ። «ምን አልሽ የኔ እመቤት?»

«ከፍታ እፈራለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ? አምና ባቡር ጣሪያ ላይ ደንሰሽ የለም እንዴ!»

«ባቡሩ ቆሞ ነበር።»

«ማማውስ ይሄዳል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መብራት ላይ የተሰቀሉት ሰዎች ሳይቀሩ ከጣሪያ ሳቁ። ኢርማ ቀለሙ ከተቀባው ፊቷ በታች ጆሮዋ ሲነድ ይሰማታል፤ ግን አልተነቃነቀችም። የምትናገረው ግማሽ ውሸት ነው፤ ፍርሃቱ ግን ሙሉ እውነት ስለሆነ ድምፅዋ አላሳፈራትም።

«ማማውን ቁረጡልኝ» አለች። «እስከ ጉልበት። አለበለዚያ ሌላ ሴት ፈልጉ።»

«ጉልበት! እንግዲያው ሳጥን ላይ ቁሚና እንገላገል!»

«ሳጥንም ይሆናል።»

ግሩበር ጮኸ፣ ኮፍያውን ወረወረ፣ ወደ አለቆች ስልክ ደወለ፣ ተመልሶም ኮፍያውን አነሳ። ሌላ ሴት መፈለግ ቀላል አልነበረም፤ በየግድግዳው የተለጠፈው የኢርማ ፊት ነው።

ኮርሊስ በዚህ ሁሉ መሀል ቀረባት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ይሄን ሁሉ ጊዜ የለፋሁት እዚያ ላይ እንድንቆም ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔን አታምኚኝም ማለት ነው።»

«ራሴን ነው የማላምነው» አለች፤ አይኗን በጨው አጥባ።

እሱም አንገቱን ነቀነቀ፤ በአክብሮት፣ ከእንግዲህ አንቺን አላውቅሽም እንደሚል ሰው።

አናጢዎቹ መጋዛቸውን ይዘው መጡ። አለቃቸው ሙኒ የሚባል ወፍራም አየርላንዳዊ ነው፤ ማማውን ከሥሩ እስከ ጫፉ ሲሠራ የከረመው እሱ ነበር። ሲጨርስ ጫፉ ለብቻው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ የተቆረጠ የዛፍ ጉቶ መስሎ።

«ሚስ ሎውሪ» አላት ኮፍያውን አንስቶ፣ «ከዚህም ዝቅ ይበል ካሉ የቀረን ጉድጓድ መቆፈር ነው።»

ጋዜጦቹም አልማሯትም። የሐሜት ዓምድ የምትጽፈው ሴትዮ «የማማዋ ጀግና» ብላ ጠራቻት። ካርታ ሲጫወቱ የመብራት ሠራተኞቹ «ሚስ ሎውሪ፣ ወንበሩ ከፍ አላለብዎትም?» ይሏታል። ኢርማ ትስቃለች። ዊኒ ግን አትስቅም፤ ሰው ሲቀልድ እየተነሳች ትወጣለች።

ማማው ከተቆረጠ ወዲህ ያ ቀዝቃዛ ነገር መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ቦታ ቀየረ እንጂ። ኢርማ አሁን የምትፈራው ለራሷ ሳይሆን ለኮርሊስ ስለሆነ መያዣ አጣችለት፤ ለራሱ የሚፈራ ቢያንስ ግድግዳ ይይዛል።

የቀረጻው ቀን ሙዚቃው ከሸክላው ተለቀቀ፤ ካሜራው ተነሳ። ደነሱ። የተናደደ ኮርሊስ ከተደሰተው ኮርሊስ የተሻለ ይደንሳል፤ አንድም እንከን አልነበረበትም። ኢርማ ጉቶው ላይ ወጣች፤ ጫፉ ላይ ዞረች። ጉልበቷን አጠፈች። ቀሚሱ ግን እንደ ተፈራው አልቆመም። ጠመዘዛት፤ ጎተታት። ለቅጽበት ጀርባዋ ላይ አየር ብቻ ነበረ፤ ከዚያም ጥቁሩ ወለል ትከሻዋና ዳሌዋ ላይ መጣ። ዶቃው ተበጠሰና አዳራሹን ሁሉ እንደ በረዶ እየነጠረ ሞላው።

ሙዚቃው ሸክላ ስለሆነ መጫወቱን ቀጠለ።

«አቁሙ!» አለ ግሩበር። «ከጉልበት! ከጉልበት ከፍታ! ኢርማ፣ ላንቺ አልጋ ላይ ልቅረጽልሽ?»

ሰዎች ሳቁ። ኢርማ ትከሻዋን ይዛ ቀና ስትል ኮርሊስን አየችው። አልሳቀም። ጉቶው ላይ ቆሟል፤ ቀኝ እጁ አየር ላይ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ወገብ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ። የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አተኩሮ ያየዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ አንጋጠጠ። መብራት ሠራተኞቹ አንዱን መብራት ማውረድ ረስተውታል፤ ድሮ ጫፉ የነበረበትን ባዶ ቦታ እስካሁን ያበራል። ኮርሊስ ያንን ብርሃን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ፤ ከዚያ ኢርማን አየ። በፊቱ ላይ የነበረው ቀለም እዚያው ሆኖ፣ ከሥሩ ያለው ፊት ነጣ።

«አትሳቁ» አለ።

ሳቁ ቆመ።

«አልቸኮለችም። እጄ ነው የዘገየው።»

አንድ ሰው ሸክላውን አቆመው። ኮርሊስ ከጉቶው ወርዶ አጠገቧ ተንበረከከ፤ ዶቃው ከጉልበቱ ሥር ተሰባበረ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ሌላስ ማን ያውቃል?»

ዊኒ ከካሜራው ጀርባ በእጀታዋ ፊቷን ሸፍና ስለነበር መልስ አላስፈለገም። ኮርሊስ ሳይቆጣ አያት። ከዚያ ጉቶው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ እግሩ ወለል ይነካል።

«ከዚያ ላይ ብትሆኚ ኖሮ…» አለና ወደ መብራቱ በአገጩ አመለከተ።

«ተወው ኮርሊስ።»

«‹አይዞሽ፣ እኔ አለሁ› ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ተወው አልኩህ!»

እጁን በሌላው እጁ ይዞት ነበር። ኢርማ በእንዲህ ያለ ሁኔታ አይታው አታውቅም፤ ከማማው ይበልጥ አስፈራት። ጫማውን ያወልቃል ብላ ዓይኗን ከማሰሪያው ላይ መንቀል አቃታት። ጣቶቹ ወደዚያው ወርደው ማሰሪያውን ነኩ፤ ቆሙ።

«ምን ይሻላል?» አላት። ኮርሊስ ቴት ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

ኢርማ አስባበት አታውቅም ነበር፤ አፏ ግን ተናገረ። «እጅህ ወደኔ አይምጣ። ከመዞሬ በፊት የእጅህን አንጓ እይዛለሁ፤ ይዤው እዞራለሁ።»

«ካሜራው ያየዋል።»

«ይየው። አንደብቅም የምትለው አንተ አይደለህ?»

ኮርሊስ ማሰሪያውን ለቀቀው። ሴቶቹ ዶቃውን ሊለቅሙ በጉልበታቸው ወረዱ፤ ቀሚሱ በመርፌ ተያዘ፤ ወለሉ እንደ ገና ተወለወለ።

ከሰዓት በኋላ ደገሙት። ጉቶው ላይ ሲወጡ ኢርማ ቀኝ አንጓውን በግራ እጇ ጨበጠችው። የደም ሥሩ ከሙዚቃው ቀድሞ ይመታል። ዞረች፤ ቀሚሱ ጎተታት፤ እሷም ወደ ውጭ ሄደች፤ ግን አንጓው በእጇ ስለነበር ሁለቱም አብረው ተወጠሩ፤ አብረውም ተመለሱ። ኮርሊስ ለካሜራው ጥርሱን ሁሉ እያሳየ ነበር።

«አትልቀቂኝ» አላት፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ፈገግ ብላ አጥብቃ ያዘችው።